ቋንቋዋን ሳላውቅ የከሰስኳት ተማሪ

የምልክት ቋንቋ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ነው ይባላል። አይደለም። እነሱማ ያውቁታል። የቸገረው የሚሰማው ሰው ነው፤ ሁለት ጆሮ ይዞ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ምን እንዳለው የማያውቀው እሱ ነው። ይህን የምለው ከደግነት አይደለም፤ ደግነት አይሆንልኝም። የምለው አንዲት ተማሪ በማላውቀው ቋንቋ ተናገረች ብዬ ስለከሰስኩ ነው።

ጊዜው ትምህርት በፕላዝማ የሚሰጥበት ነበር። ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ማለትም ቴሌቪዥኑን አበራና አጠፋ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን ሳይተነፍስ ይለቀዋል። ጥያቄ ይጠይቅና «ከጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ» ብሎ ለሠላሳ ሰከንድ ያፈጣል። ክፍሉ በሙሉ መልሶ ያፈጥበታል። ከዚያ «በጣም ጥሩ» ብሎ አመስግኗቸው ያልፋል።

ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ያኔ ነው። የኩልመስክ ገበሬ ልጅ ናት። እስከ ስምንተኛ ድረስ ሩቅ ከተማ በሚገኝ ልዩ ክፍል ተምራ፣ የምልክት ቋንቋንም እዚያው ለምዳ፣ ላሊበላ አክስቷ ዘንድ መጣች። የወረዳው ደብዳቤ «መስማት የተሳናት» ይላል። በመምህራን ክፍል የተባለው ግን «ደንቆሮ ላኩብን» ነው። እኔም ብዬ ይሆናል። ይሆናል የምለው ለራሴ አዝኜ ነው፤ ብያለሁ።

ወደ ኋላ ትቀራለች ብለን ነበር። ሌሎቹ ፕላዝማውን ለመስማት ሲታገሉ፣ እሷ የመስማት ተስፋ ስላልነበራት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ታነባለች፣ ትገለብጣለች፤ መጽሐፉንም ቤቷ ትጨርሰዋለች። ክፍሉ በሙሉ አይሰማም ነበር። ልዩነቱ እሷ እንደማትሰማ ማወቋ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ አንደኛ ወጣች።

ከዚያ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ። ጎበዝ ተማሪ አምስት ደካሞችን ይዞ ያብቃ የሚል መመሪያ ወረደ። ርዕሰ መምህራችን መመሪያ ሲወርድ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ውጤት አይቶ ስም ለጠፈ። ጎበዟ መስማት እንደማትችል፣ አምስቱም ከአፋቸው በቀር የሚናገሩበት እንደሌላቸው ያስተዋልነው ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ሪፖርቱ ወረዳ ስለደረሰ የሚነካው አልተገኘም።

እንዲህ ሆኖ አምስት ሰነፍ ተማሪዎች በመመሪያ የምልክት ቋንቋ ተማሩ። በሁለት ወር። ከልጅነታቸው ጀምረው እንግሊዝኛ የተማሩት እነዚህ ልጆች ስማቸውን በእንግሊዝኛ ለመናገር ያልባቸው ነበር። እጃቸው ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ በቶሎ አገኘ፤ ሐሜት፣ ስድብ፣ የመምህራን ቅጽል ስም። የእኔ ስም መሐል አናትን በመዳፍ መጥረግ ነበር። አንድ በዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ከወንዶች ወገን፣ ሁለቱ ከሴቶች ወገን ሆነው ከምእመናኑ ራስ በላይ በእጅ ሲያወሩ አይቻቸዋለሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አንዳቸውም ሳይደክሙ ቆመው አስቀደሱ።

የሁለተኛው መንፈቅ አጋማሽ ፈተና ላይ ፈታኙ እኔ ነበርኩ። ከፊት ወንበር የልጅቷ እጅ ሦስት አራት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ከአምስቱ አንዷ ከጎን በአጭሩ መለሰች። የሁለቱንም ወረቀት ነጠቅኩ። በእኛ ደንብ የኮረጀ የዚያን ፈተና ዜሮ ያገኛል፤ ያስኮረጀ ተማሪ ግን ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ለሷ ደግሞ አንድ ዓመት ማለት ለሁልጊዜው ነው፤ አንዴ ኩልመስክ ከተመለሰች የሚጠብቃት ትዳር ነው። ይህን አውቅ ነበር። ደንብ አከበርኩ።

ለውሳኔ የተቀመጥነው ሦስት ነን፤ ርዕሰ መምህሩ፣ እኔና የወላጆች ተወካይ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ቄስ።

«ምን አለች?» አሉ አባ።

«እያስኮረጀች ነበር።»

«እሱንማ ነገርከን። ምን አለች ነው የምልህ።»

«የምልክት ቋንቋ አልችልም አባ።»

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

«ፈተና ላይ ሌላ ምን ይባላል ብለው ነው አባ?» አለ ርዕሰ መምህሩ እኔን ለማዳን።

ጽፋ ታስረዳን ማለት ለማናችንም ትዝ አላለንም፤ አስተርጓሚ ተፈለገ። በከተማው ቋንቋውን ይችላሉ ብለን የምናውቃቸው ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ተከሳሿንና አምስት ተከታዮቿን ማለቴ ነው። ሌላ ስላጣን ከአምስቱ ያችኑ ወረቀቷን የነጠቅኳትን ልጅ ከተከሳሿ ጋር አስገባናት።

«ምን አለችሽ?» አሏት አባ።

አስተርጓሚዋ መሬት መሬት አየች። «አትዪኝ፣ መላጣው እያየን ነው አለችኝ።»

ርዕሰ መምህሩን ሳል ያዘው።

«አንቺስ ምን መለስሽላት?»

«ቆዪ፣ አሁን ያንቀላፋል አልኳት።»

እውነት ትሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም። የማንቀላፋቱ ነገር ግን እውነት ነው።

ተከሳሿ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ አፍ ስታይ ቆይታ፣ በመጨረሻ እጇን አንስታ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። «ብቻዬን አስቀምጣችሁ እንደገና ፈትኑኝ ነው የምትለው» አለች ጓደኛዋ። ርዕሰ መምህሩ «አስተርጓሚዋ ገለልተኛ ስላልሆነች በቃለ ጉባኤ አይያዝም» አለና አልያዘውም።

አባ ከርዕሰ መምህሩ ጀርባ የተለጠፈውን የቋንቋ ክበብ ማስታወቂያ ሲያነቡ ነበር። ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ ይላል። በሚቀጥለው ወር ለቱሪስት ብለን የምንጀምረው ነው።

«ፈረንሳዩ እዚህ ስንት ቀን ይቀመጣል?» አሉ።

«ሁለት ሌሊት። ቢበዛ ሦስት።»

«ሁለት ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ቋንቋ ትማራላችሁ። ይችስ? እዚሁ ናት። ከነዚህ ጎን የሷንም ጻፍና የወደደ ይማረው። ያን ጊዜ አስኮረጀች ብትሉ እንኳ ምን እንዳስኮረጀች ታውቃላችሁ።»

ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት «በጀት ሲገኝ» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ። ፈረንሳይኛውም በጀት አልነበረውም፤ አንድ አስጎብኚ በነፃ አስተምራለሁ ብሎ ነው። የምልክት ቋንቋ መምህሯ ደግሞ ፊታችን ቆማለች።

ሁለት ለአንድ ወሰንን። አንዱ አባ ናቸው። ውሳኔው ወረዳው ገለልተኛ አስተርጓሚ እስኪልክ ድረስ ተከሳሿ ለጊዜው ክፍል እንዳትገባ የሚል ነበር። ወረዳው ለዞን ጻፈ። ዞኑ መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች ብዛት በጾታ ለይታችሁ ላኩ አለ። ላክን፤ ሴት አንድ፣ ወንድ ዜሮ፣ ድምር አንድ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የለም።

ሦስት ሳምንት ያህል ከክፍሏ መስኮት ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አምስቱ ፕላዝማው ላይ የወጣውን በእጃቸው ያስተላልፉላት ነበር። አይቼ እንዳላየ አልፌአለሁ፤ በዚያ ዓመት የሠራሁት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የመማሪያ መጻሕፍቷን ልትመልስ ቢሮዬ መጣች። መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በእጇ ተናገረችኝ። ረጋ ብላ፣ ብዙ። አምስቱ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የሚያስተረጉም የለም። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ፈገግም አልኩ። አየችኝና የመጨረሻውን ቁራጭ ደገመችው፤ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚደገመው፣ በዝግታ። አሁንም ነቀነቅኩ። ወጥታ ሄደች። በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ኩልመስክ መሄዷን ሰማሁ፤ አልተመለሰችም። ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድብ ከሆነ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄ ነበረ ብዬ እፈራለሁ፤ ምክንያቱም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆማ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅዎ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት ነገ ይሂዱ። የምልክት ቋንቋ ከሌሎቹ ቋንቋዎች እኩል ተማሪዎች መርጠው የሚማሩት ይሁን ይበሉ። በጀት የለም ካሉዎት ከወንበሩ አይነሱ። መስማት የተሳነው ተማሪ የለንም ካሉዎት ደግሞ፣ የጠየቅኩት ለሚሰማው ለእኔ ልጅ ነው ይበሏቸው።