የመድፉ ጩኸት የመሰለኝ

መጀመሪያ የመጣው ላብ ነው። ሌሊት አንሶላው ይርሳል፤ ጠዋት ደግሞ ደህና ነኝ። ቀጥሎ ደረቅ ሳል መጣ። ሰፈራችን ነፋስ ስልክ አቧራና የፋብሪካ ጭስ አያጣውምና በሰፈሩ አመካኘሁ። ስከሳ ባለቤቴ ማርታ ሱሪዎቼን አጠበበችልኝ፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነች እጇ ፈጣን ነው። ሱሪው ልክ ሲሆንልኝ እኔም መክሳቴን ረሳሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወጣትነቴን በመድፈኛነት ያሳለፍኩ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ እግሬን ቆስዬ ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጦሩ ውስጥ ሥራዬ የተኩስ ርቀት ማስላት ስለነበር ከቁጥር ጋር እንስማማለን። ስለዚህ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ የሂሳብ አያያዝ ለመማር አመለከትኩ። የቀበሌያችን ሰዎች ሳቁብኝ። “ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ አብዮቱን ስትጠብቅ ኖረህ አሁን ከበርቴ ልትሆን ነው?” አሉኝ። ይሳቁ! ሌላ ሙያ አልነበረኝም፤ መድፍ ደግሞ ከተማ ውስጥ አያበላም። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረኝ የቃል ፈተናና የጤና ማስረጃ ነበር።

ለጤና ማስረጃው ደረቴን ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሯ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። ወጣት ናት፤ ቃል አታባክንም።

“ቲቢ ነው” አለች። “ቀኝ ሳንባህ ላይ ነው። ይድናል።”



“ትምህርቱስ?” አልኩ።

“አክታህ ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን እጽፍልሃለሁ። ከዚያ በፊት አልጽፍም።”

ትምህርት ቤቱ የቃል ፈተናዬን ለሚቀጥለው ምዝገባ አዛወረልኝ። ያ ካለፈኝ ግን የጽሑፉ ውጤትም እንደሚሰረዝ ነገሩኝ። ያለችኝ ዕድል እሷው ብቻ ነበረች።

ሕክምናው እንዲህ ነው። በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ፣ ከሱ ጋር አይሶናያዚድ የሚባል ክኒን። መርፌው የመጀመሪያዎቹን ወራት ነው፤ ክኒኑ ከዓመት በላይ ይቀጥላል። ዶክተሯ ስታስጀምረኝ “ጆሮህ ከጮኸ ወይም ካዞረህ ቶሎ ንገረኝ” ብላኛለች። እኔም “እሺ” ብያለሁ።

እዚህ ላይ መድፈኛ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ላስረዳ። መድፍ ሲተኮስ አፋችንን እንከፍታለን፤ ለጆሮ ይሻላል ይባላል። ከፍተንም ጆሯችን አይተርፍም። ተኩሱ ሲበረታ የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። ሲያበቃ የሁላችንም ጆሮ ይጮሃል፤ “ያንተ ዛሬ ምን ይዘፍናል?” እየተባባልን እንሳሳቃለን። ጆሮዬ ጮኸ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሄደ መድፈኛ አላየሁም። ቢሄድ መሳቂያ ይሆናል። እናም መርፌውን በጀመርኩ በሳምንታት ውስጥ ጆሮዬ ሲጮህ ለኔ ዜና አልነበረም። የመድፉ ነው፣ አብሮኝ የኖረ ነው አልኩ። ነርሷ በየጠዋቱ “እንዴት ነህ?” ትለኛለች፤ “ደህና” እላታለሁ። የእውነቴን ነበር።

ከዚያ መሬቱ ይንቀሳቀስብኝ ጀመር።

መርፌዬን ተወግቼ ስመለስ እግሬ መንገዱን ይስታል። አጥር ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከውይይት ታክሲ ስወርድ ተንገዳግጄ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ያዩኝ ሁሉ የመሰላቸው ሌላ ነው። “ሃምሳ አለቃ በጠዋቱ ጀመረው!” የሚለው ወሬ ማርታ ፋብሪካ ድረስ ደረሰ።

ማርታ ከወላይታ የመጣች ጴንጤ ናት። በቤቷ የመጠጥ ስም አይነሣም፤ እኔም ስንጋባ ትቼዋለሁ። ያን ቀን ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፊቴ ቆመች።

“አንተ ሰውዬ፣ ጠጥተሃል?”

“ኧረ በሕግ አምላክ!”

“እስቲ ተንፍስ።”

ተነፈስኩ። አሸተተችኝ። ምንም የለም። ቁጣዋ ጠፍቶ ፊቷ ልውጥ አለ። ጠጥቼ ብታገኘኝ ሳይሻላት አይቀርም።

“ሰሞኑን በግራህ ሆኜ ስጠራህ አትዞርም” አለች ቀስ ብላ። “አኩርፈህ መስሎኝ ነበር።”

በማግስቱ ራሷ ይዛኝ ሄደች።

“ጆሮህ ይጮሃል?” አለች ዶክተሯ።

“ይጮሃል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“መድፈኛ ከሆንኩ ጀምሮ።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ድምፁ ያው የድሮው ነው?”

አሰብኩ። የመድፉ ወፍራም ነበር፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይሄኛው እንደ ቢምቢ ቀጭን ነው። አያቋርጥም።

“አይደለም” አልኩ።

የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ግራ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው። ምንም። ወደ ቀኙ ወሰደችው። ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

“መርፌው ዛሬ ይቆማል” አለች። “ከግራው የሄደው አይመለስም። ቀኙን ለማትረፍ እንሞክራለን።”

ማርታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ግን ፈራሁ። ግንባር ላይ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በመርፌው ምትክ ኢታምቡቶል የሚባል ክኒን ተሰጠኝ፤ ይሄኛው ደግሞ ዓይን ሊነካ ስለሚችል ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተህ በዚያው ቀን ና ተባልኩ። ማርታ ከዚያ ወዲያ በኔ ቃል አልታመነችም፤ ከፋብሪካ የክር ቁርጥራጭ አምጥታ በየጠዋቱ ገና ፊቴን ሳልታጠብ አንዱን እየመዘዘች “ይሄ ምንድን ነው?” ትለኛለች፣ ቀይ ስላት ሌላ ትመዝዛለች፣ ሳላስተውል ከመለስኩ ደግሞ “አየህ ወይስ ገመትክ?” ብላ ታፋጥጠኛለች። መራመድንም እንደ አዲስ ተማርኩ፤ ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ፣ ገበሬዎቹ ጤፍ በሚያጭዱበት ማሳ ዳር፣ ሩቅ ያለ አንድ ዛፍ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀስ እያልኩ እሄድ ነበር፤ በኋላ በኋላ ዛፉን ሳላይም ቀጥ ብዬ መሄድ ቻልኩ። ሳሉ ተወኝ፣ እህል ጣመኝ፣ ማርታም ያጠበበቻቸውን ሱሪዎች እያጉረመረመች መልሳ ተረተረቻቸው። አክታዬ ንጹሕ ሆነ። ዶክተሯም እንዳለችው ወረቀቱን ጻፈችልኝ።

የቃል ፈተናው ቀን ሦስት መምህራን ተቀምጠው ጠበቁኝ። መሀል ያሉት ሽማግሌ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደምንም ሰምቼ መለስኩ። ሁለተኛውን ሲጠይቁኝ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ወታደር ትእዛዝ አልሰማሁም አይልም። “አዎ ጌታዬ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

“አልሰማሁም” አልኩ። “ግራ ጆሮዬ አይሰማም። እባክዎ ይድገሙልኝ።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። “ታዲያ ክፍል ውስጥ እንዴት ልትማር ነው?”

“ፊት ወንበር፣ ግራ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ቀኜ ወደ መምህሩ ይሆናል። ያመለጠኝን እጠይቃለሁ።”

“ብዙ ልትጠይቅ ነዋ!”

“ብዙ እጠይቃለሁ።”

“ጠይቅ” አሉ። “እኛን ያስቸገረን ሳይሰማ እሺ የሚለው ነው።”

ተቀበሉኝ። ተምሬ ጨረስኩ፤ በሂሳብ ሠራተኛነትም ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ብዙ ጠየቅሁ፤ ብዙዎችንም አሰለቸሁ።

ዛሬ የቲቢ መድኃኒቱ ተለውጧል ይባላል። ቢለወጥም መድኃኒት የጀመራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ስሙኝ። ሰውነታችሁ ላይ የመጣውን ነገር “ድሮም ነበረብኝ” ብላችሁ አትለፉት። ድሮም የነበረውን ጭምር ተናገሩ፤ የትኛው የበሽታው፣ የትኛው የመድኃኒቱ፣ የትኛው የኑሮ እንደሆነ ሐኪሙ ይለየው። ስለ ፈራችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። የሚያዞረው ሰው ስታዩም ሰክሯል ከማለታችሁ በፊት ደግፉት።

ዶክተሯን አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዋን አንድ ጊዜ ጠይቃ አልተወችውም። ነርሷን አመሰግናለሁ። ማርታ፣ አንቺንማ በምን ቃል ላመስግንሽ? ያን ቀን ባትቆጪኝ ኖሮ ዛሬ ቁጣሽንም አልሰማውም ነበር።