የግራ ቅንድቤ

የግራ ቅንድቤ ግማሹ የለም። ሦስት ዓመቴ ላይ እናቴ ውኃ ልትቀዳ በወረደችበት ምድጃው ላይ ወደቅሁ፤ ቁስሉ ሲሽር ፀጉሩ ሳይመለስ ቀረ። እኔ ምንም ትዝ አይለኝም። እሷ ግን አንድም ቀን አልረሳችውም።

ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ በየማለዳው ቅንድቤን የምትሞላልኝ እናቴ ነበረች። ሱብሒ ሰግዳ፣ ትንሽ ነጋ ሲል፣ የኩል ብልቃጧን ይዛ ደጃፉ ላይ ታስቀምጠኛለች። አገጬን በግራ እጇ ትይዝና በመኳያው ቀስ እያለች ትስላለች። «አትሳቂ፣ ይጣመማል» ስትለኝ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። አድጌ እዚያው ከተማችን መካነ ሰላም አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ራሴ መኳል አቅቶኝ አይደለም። በዚያ የማለዳ ብርድ አገጬ ላይ የሚያርፈው የእጇ ሙቀት ዛሬም ይናፍቀኛል።

ኩል ግን ዝናብ አይችልም። አንድ የሰኔ ቀን ጃንጥላ ረስቼ ክፍል ስገባ ቅንድቤ ጉንጬ ላይ ወርዶ ኖሮ፣ ተማሪዎቼ ዴስክ ላይ ተደፍተው ሳቁብኝ። በዚያ ላይ የእናቴ ዓይን እየደከመ ሄደ። ቅንድቤም አንዳንድ ቀን ወደ ግንባሬ ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ይሸሻል። አመስግኛት እወጣና ከጎረቤት አጥር ሥር ቆሜ፣ እሷ የሳለችውን በነጭ መሐረብ ጠርጌ፣ በኪስ መስታወት ራሴ እኩለዋለሁ። በየቀኑ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ ነው የምጠርገው።

ሞባይል ከተማችን በገባ ሰሞን ታላቅ እህቴ ከጅዳ መጣች። ሁለቱንም ቅንድቦቿን ተነቅሳቸዋለች፤ ተኝታ እንኳ የተገረመች ትመስላለች።

«ደሴም ይሠራሉ። አብሽሪ፣ ከፋይዋ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜ ነበር። እናቴ ሰምታ፣ «ንቅሳትማ ሐራም ነው ልጆቼ። ደግሞስ እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ሲባል አልሰማችሁም?» አለች። ከዚያ ብልቃጧን በሻሿ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ያን ጊዜ ከገንዘቡ የሚከብድ ወጪ እንዳለ ገባኝ። እህቴ ብሩን ትከፍልልኛለች፤ ማለዳውን ግን ማን ይተካልኛል?

ዓመት ሙሉ አመነታሁ። ዝናብ ሲመታኝ እቆርጣለሁ፣ ሲነጋ ደጃፉ ላይ ስቀመጥ እተወዋለሁ። በመጨረሻ ኀፍረቱ አሸነፈኝና ክረምት ላይ ለሥልጠና ደሴ በሄድኩበት አስነቀስኩት። ስነቀስ አለቀስኩ፤ ሠራተኛዋ መርፌው ያመመኝ መስሏት አባበለችኝ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ቅርፊቱ ረግፎ፣ መስታወት ውስጥ አንዲት ሙሉ ቅንድብ ያላት ሴት ታየችኝ። ቆንጆ ነበረች፤ አልዋሽም። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ዓይኗ ደክሟል፣ አታየውም ብዬ ተማመንኩ።

በተመለስኩ ማግስት ማለዳ እንደ ወትሮዋ ብልቃጧን ይዛ ጠራችኝ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ መኳያውን አንስታ ከዳር እስከ ዳር ሳለች።

«ማሻ አላህ፣ ዛሬስ ቀንቶልኛል» አለች።

አመስግኛት ወጣሁ። አጥሩ ሥር ደርሼ መሐረቤን አወጣሁና ጠረግሁ። መሐረቡ እንደነጣ ነው። ደግሜ ጠረግሁ፤ ምንም የለም። መኳያው ኩል አልነካም ነበር። አይታኛለች፣ ሐራም ነው ያለችውን ነገር ፊቴ ላይ አይታ ዝም ብላኛለች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሳትጠራኝ ቀድሜያት ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ብልቃጧን ይዛ መጣች፤ ክዳኑን አልከፈተችውም። አገጬን ስትይዘኝ ፈገግታዬ አመለጠኝ።

«አትሳቂ» አለችኝ፣ «ይጣመማል።»