አማቴ ልትሆን የነበረችው ሴት ያሳሸችኝ ዕለት

ባለፈው ወር ልጄ ልያ ለልደቴ አንድ ካርድ ፖስታ ውስጥ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልያ እዚሁ ላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን ውስጥ ቢሮ ትሠራለች፤ ደመወዝ በገባላት ቁጥር ለእኔ አንድ ነገር ሳትገዛ አታልፍም። ካርዱ ሲልቬራዶ ራንች አካባቢ ካለ ስፓ የተገዛ ነው፤ ባህላዊ የታይ ማሳጅ፣ ለአንድ ሰው ይላል። ሳምኳትና ለራሷ እንድትጠቀምበት መለስኩላት። አኮረፈች። ሁልጊዜ ወገቤን እያልኩ፣ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋ ላይ እየወደቅኩ፣ አሁን ምን እንደሚያኮራኝ አልገባትም። ወጌሻ ቢሆን እሺ ባልኩሽ ነበር፤ የታይ ማሳጅ ግን በዕድሜዬ አንዴ ታሽቻለሁ፣ ይበቃኛል አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ሁለታችንም የምንሄድበት አልነበረንም። ነገርኳት።

ሃያዎቹን ባጋመስኩበት ጊዜ የምኖረው ሲያትል ነበር፤ እጮኛዬ ግን የቬጋስ ሰው ነበር። ብንያም ይባላል። የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ተዋውቀን ከዓመት በላይ በስልክ ተዋደድን። ካዚኖ ውስጥ የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር፤ ሺፍቱ ሲያልቅ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ይደውልልኛል። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ማንንም የማያስቀይም ልጅ ነበር። እኔ ይህን ጨዋነት ብዬ ወሰድኩት። ዛሬ ፍርሃት እለዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እወደው ስለነበር ሁለቱን የምለይበት ዓይን አልነበረኝም። ሰርጋችን ለጥቅምት ተቆርጦ፣ ሽማግሌም ተልኮ፣ የቀረው እናቱን በአካል ማየት ብቻ ነበር። በሐምሌ ሄድኩ። ከኤርፖርቱ በር ስወጣ የተቀበለኝን ሙቀት አልረሳውም፤ የምድጃ አፍ የተከፈተብኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ብንያም ሳቀና ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

እናቱ እትዬ ጽጌ ትባል ነበር። ያን ጊዜ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ ግን እሷ ነው የምላት፣ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጋ የመጣች፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ዊትኒ የሚባለው የቬጋስ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ቤት የገዛች ብርቱ ሴት ነበረች፤ ይህን አልክድባትም። የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀምራ፣ ሌሎቹ ሴቶች ያጸዱትን ክፍል የምትፈትሽ አለቃ ሆና ነበር። ጣቷን በቴሌቪዥኑ አናት፣ በበሩ መቃን፣ በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሳብ ታደርግና አቧራ ካገኘች ልጅቷን ጠርታ ታሳያታለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እየሳቀች። ቤቷም ውስጥ ያው ነበረች። እኔ ያጠብኩትን ብርጭቆ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ካላየች ወደ ቦታው አትመልሰውም።

በመጣሁ ማግስት ካዚኖ ውስጥ ቡፌ ጋበዘችኝ። እንደ ልብሽ አንሺ ብላ ሰሃን አስያዘችኝና ከኋላ ከኋላዬ ተከተለችኝ። የሸርጣኑ እግር፣ ሽሪምፑ፣ የአሳማው ጎድን እንደ ተራራ ተቆልሏል። እኔ ሩዝና ዶሮ፣ ትንሽ ሰላጣም አነሳሁ። ስንቀመጥ ሰሃኔን አየት አድርጋ ለብንያም ራሷን ነቀነቀችለት። ፈተና ላይ እንደነበርኩና እንዳለፍኩ ገባኝ። ቅር አላለኝም፤ እናት ናት፣ ማንን እንደምታስገባ ማወቅ አለባት ብዬ አሰብኩ። ደስ ብሎኝ ኬክ ደግሜ አነሳሁ።

የማላውቀው ነገር ይህ ነበር። ሲያትል ያለች አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም፣ ለእትዬ ጽጌ ደውላ ልጅቷ አገር ቤት ወልዳ የመጣች ናት፣ ሆዷ ላይ በቀዶ ጥገና የወለደችበት ጠባሳ አለ ብላታለች። ጠባሳ አለኝ። ከእምብርቴ ወደ ታች የወረደ፣ ወፍራም፣ መጥፎ ስፌት ነው። ልጅ ሳለሁ አንጀቴ ተጠላልፎ የአውራጃችን ሐኪም ነፍሴን ለማትረፍ በጥድፊያ የቀደደው ነው። ይህንን ለብንያም በስልክ ነግሬው ነበር፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፍሽልኝ" ነበር ያለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጽጌ ቅቤ የተለወሰ ቅንጬ አቀረበችልኝና ሙሽራ ሰውነቷን መፍታታት አለባት፣ ዛሬ እኔና አንቺ አብረን ማሳጅ እንታሻለን፣ ስጦታዬ ነው አለችኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታ ነበር። ቅንጬዬን እየበላሁ እንባዬ መጣ፤ እናት ያገኘሁ መሰለኝ። ብንያም ነዳልን። የመቀመጫ ቀበቶው ብረት እጄን አቃጠለኝ፤ ከሩቅ ያሉት ተራሮች አንድ ዛፍ የሌለባቸው፣ ቡናማ፣ ደረቅ ናቸው። ስፓው ጥፍር ቤትና ጎማ ቤት መካከል የተሸጎጠ ነበር። ብንያም መኪናው ውስጥ ኤሲ ከፍቼ እጠብቃችኋለሁ አለ።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ፣ የጠጅ ሣር ሽታ ያለበት ነበር። ጫማችንን አስወልቀው ለብ ባለ ውሃ እግራችንን አጠቡን። እትዬ ጽጌ አፈረች፤ እኔን የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህን ካልሆነ ማን አጥቦኝ ያውቃል አለች። ቀጥሎ የተጣጠፈ ሰፊ የጥጥ ሱሪና ሸሚዝ አመጡልን። እትዬ ጽጌ ልብሱን አገላብጣ አየችና ባንኮኒው ላይ ያለችውን ልጅ "ኖ ኦይል? ኖ ቴክ ኦፍ?" አለቻት። ልጅቷ በትህትና አስረዳቻት፤ የታይ ባህላዊው ልብስ ተለብሶ ምንጣፍ ላይ ነው፣ መጫንና መለጠጥ እንጂ ዘይት የለውም። ወደ ዘይቱ ቀይሪልን ብላ ለመነቻት። የዘይቱ ሠራተኛ ቅዳሜ አትገባም። የእትዬ ጽጌ ፊት ጠቆረ። ለእኔ አዝና መስሎኝ፣ እንዲያውም ለእኛ በልብስ መሆኑ ይሻላል እትዬ ብዬ አጽናናኋት። የምሬን ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እሷ ልብሷን እንደታቀፈች ቆማ ታየኛለች። እኔ ከወንድሞቼ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሱሪውን ከቀሚሴ ሥር አጥልቄ፣ ሸሚዙን ከላይ ደርቤ፣ ቀሚሴን በውስጥ በውስጥ ሳብኩና አወጣሁ። አንድ ጣት የምታህል ገላ አልታየችም። ምን ያሳፍርሻል፣ ሴት ለሴት አይደለን እንዴ አለችኝ። ሳቅኩ።

ሁለት ምንጣፎች ጎን ለጎን ተነጥፈዋል። ለእኔ የደረሰችኝ ጎልማሳ፣ ደንዳና ሴት ናት። ለእትዬ ጽጌ የደረሰቻት አጥንቷ የሚቆጠር ቀጭን ልጅ ስለነበረች፣ እትዬ ጽጌ ቀለል ያለችዋ ደረሰችኝ ብላ ተደሰተች። ልጅቷ መጀመሪያ በክርኗ ትከሻዋን ጨመቀቻት። ቀጥላ ጭኗ ላይ ተንበረከከችባት። በመጨረሻ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን እንጨት ያዘችና ጀርባዋ ላይ ወጥታ ትራመድባት ጀመር። እትዬ ጽጌ እመቤቴን ጠራች፣ ገብርኤልን ጠራች፣ የሰፈሯን ታቦት ሁሉ ጠራች። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፎጣውን ነከስኩ። ከዚያ ቀን ያተረፍኩት ይህንን ብቻ ነው።

ማለቂያው ገደማ የእኔዋ ቁጭ አድርጋኝ ከኋላዬ ሆነች። እጆቼን ወደ ኋላ ወስዳ አጥብቃ ያዘች፣ ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ወደ ራሷ ለጠጠችኝ። ደረቴ ወደ ጣሪያው ቀና፣ ሸሚዜ ወደ ላይ ሸሸ፣ ሆዴን አየር ነካው። እትዬ ጽጌ በሆዷ ተኝታ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። ክንዷን ዘረጋች። የሸሚዜን ጫፍ ይዛ ገለጠችው፤ ጣቷን ከእምብርቴ ጀምራ ጠባሳው ላይ ቀስ ብላ እስከ ታች ሳበችው። የሆቴል መቃን ስትፈትሽ እንደዚያው ነው የምታደርገው። እጆቼ ተይዘዋል፣ ልሸፍን አልቻልኩም። አሻሺዋ እናትና ልጅ መስለናት ሳቅ አለችና ከጆሮዬ ሥር "ሃው ሜኒ ቤቢ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ኖ ቤቢ። ኦፐሬሽን ነው" አልኩ፣ እንግሊዝኛና አማርኛው ተደበላልቆብኝ።

እትዬ ጽጌ እጇን ሰበሰበች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ጥቂት ቆይታ አንኮራፋች። ሥራዋን ጨርሳ ተኛች። ቅንጬው፣ ስጦታው፣ ያ ሁሉ ልጄ ልጄ ለምን እንደነበር በጀርባዬ ተንጋልዬ ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ይዤ ተነሳሁ፤ ብንያም ይህንን አያውቅም፣ ሲሰማ ይቆጣል፣ ለእኔ ይቆማል።

ብንያም እኛን ሲያይ ከመኪናው ወረደ። የፊቱን በር ለእናቱ ከፈተላት። እኔ አስፋልቱ በጫማዬ ሥር እየፈላ ከጎኗ ቆሜአለሁ። ወደ እኔ አላየም። "እህስ?" አላት።

"አለ" አለችው።

ከኋላ ተቀመጥኩ። መኪናው አልተነሳም። ስለ ጠባሳው ነግሬህ የለም ወይ አልኩት። ነግረሽኛል አለ፣ መሪውን እያየ። ታዲያ እናትህ ሲጠይቁህ ምን አልካቸው አልኩት። አላውቅም እማዬ እንዳላት እሷ ራሷ መለሰችልኝ። ዞራ ጉልበቴን ዳበስ አደረገችኝና በጣም በለሰለሰ ድምፅ ሄንደርሰን ውስጥ አንዲት የእኛ ሰው ሐኪም እንዳለች፣ እሷ አይታ አንድ ቃል ብትናገር ሐሜቱ ከእኔም ከእነሱም እንደሚወርድ ነገረችኝ። ብንያምን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ይህን ጊዜ እንኳ ተዪያት ቢላት ሁሉንም እተውለት ነበር።

"ለአንቺም ይሻላል" አለ። "አንዴ ታይቶ ይዘጋል።"

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ሐኪም አያስፈልግም። ወልጃለሁ። ወንድ ነው፣ አክስቴ ጋ ነው ያለው" አልኩ።

እውነቱን ስናገር ያላመኑኝ ሰዎች ይህንን በአንድ ጊዜ አመኑኝ። ማንም አልጠረጠረም። እትዬ ጽጌ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ የቀለላት ትመስል ነበር። ስሙ ማን ይባላል አለችኝ። ናትናኤል አልኳት፣ አፌ ላይ የመጣልኝን። እግዚአብሔር ያሳድግልሽ አለችኝ፣ ከልቧ። ብንያም ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ አለቀሰ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ሲያለቅስ ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነው፣ አውቃለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ግን ደስ ይለኛል።

በዚያው ቀን ትኬቴን አስቀይሬ ተመለስኩ። እትዬ ጽጌ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ መጀመሪያውኑ ብትነግሪን እኮ እንረዳሽ ነበር አለችኝ። ቆሎውን ልጥለው አስቤ አውሮፕላኑ ውስጥ በላሁት። ጥሩ ቆሎ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው አገባሁ። ባሌ ሥራ ያገኘው እዚሁ ቬጋስ ስለሆነ ተመልሼ መጣሁ። ልያን ስወልድ ምጡ አልሄድ አለና ሐኪሞቹ ያንኑ አሮጌ ጠባሳ ከፍተው አወጧት። የማኅበር ሴቶች ሊጠይቁኝ ሲመጡ እትዬ ጽጌም ከመካከላቸው ነበረች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ አገላብጣ ሳመችኝና ጆሮዬ ሥር፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ወንድምየውስ እህት ማግኘቱን ሰማ?" አለችኝ። ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ነገሩን ላስተባብል አፌን ከፍቼ፣ ማን ያምነኛል ብዬ ዘጋሁት። እትዬ ጽጌ ካለፈች ጥቂት ዓመት ሆናት። ለቀብሯ አልሄድኩም፣ አልጸጸተኝም።

ይህንን ሁሉ ለልያ ነገርኳት። የጣቷ ነገር ላይ ስደርስ አለቀሰች፤ ብንያምን በእንግሊዝኛ እኔ የማልደግመውን ተናገረችው። ደስ አለኝ፤ በስንት ዘመን አንድ ሰው ለእኔ ተቆጣ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ እጄን ያዘች።

"ማሚ፣ የእሱ ፎቶ አለሽ?"

የማን አልኳት።

"የናትናኤል።"

ከራሴ ያወጣሁት ስም እንደሆነ አሁን ነገርኩሽ እኮ አልኳት። "አይ ኖው፣ አይ ኖው" አለች፣ እጄን እያሻሸች። "ግን ካለ ኢትስ ኦኬ። እኔ ጃጅ አላደርግሽም።"

እነዚያን ሁለቱን ለመምታት የወረወርኩት ውሸት ነበር፤ አገኛቸውም። ከእኔ ቤት ወጥቶ እንደማይመለስ አስቤ ነበር። ልጄ ደግሞ እንደ እነሱ በክፋት አልነበረም፣ በፍቅር ነው ያላመነችኝ። ይኸኛው የበለጠ እንደሚያም ያን ዕለት አወቅኩ። ሸሚዜን ገልጬ ላሳያት እጄ ጫፉን ይዞ ነበር። ግን አሁን እዚያ ያለው እሷ ራሷ የወጣችበት ነው፤ ስለ እኔ ምንም አይመሰክርልኝም። ሸሚዜን ለቀቅኩት።

ፎቶ የለኝም አልኳት። ለዚያ ላልተወለደው ወንድሟ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም ጀርባዋን እየደባበስኩ አባበልኳት።