ከሐጂ ጋር በአንድ ሰንሰለት

የያዙን ንባብ ላይ ሳለን ነው። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለችው ቤታቸው አጎዛ ላይ ተቀምጠው ያነቡልን ነበር። ወታደሮቹ በሩን አልሰበሩትም፤ ክፍት ነበር። አንደኛው ብራናውን ከእጃቸው ወሰደ። የኔታ፣ ተማሪ የሚያርሙ ይመስል፣ ቀስ ብለው፣ “ገና አልጨረስኩም” አሉት።

በዚያ ዘመን አንኮበር ላይ ጉባኤ ማለት ዳዊትና ትርጓሜ ነበር። የኔታም ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚያው ነው። በስተርጅና ግን ሌላ ነገር ያዛቸው። ከመዘዞ እስከ ጫጫ በእግራቸው እየዞሩ ገበሬውን ስለ አዝመራው፣ ነጋዴውን ስለ ገበያው መጠየቅ ጀመሩ። የአገር ሀብት ከየት ይወለዳል? የመኳንንቱ ጎተራ ሞልቶ ሳለ ከገበያ እህል ለምን ይጠፋል? የደረሱበትን ይጽፋሉ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያነቡልናል፤ እኛ እንከራከራለን። እኔ ደብተራ ነኝ፤ ሌሎቹም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ ብቻ ከአልዩ አምባ የሚመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። መካ ደርሶ ስለተመለሰ ሁላችንም ሐጂ እንለዋለን።

የኔታን አጥብቆ የሚሞግታቸው እሱ ነበር። እሳቸው ሀብት የሚወለደው ከሞፈር ጫፍ ነው ይላሉ። ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመደበ ከበላ ገበሬው ለዘር የሚያስቀምጠው ያጣል፤ አገሩም አብሮት ይደኸያል። ሐጂ ደግሞ፣ “የኔታ፣ ተጭኖ ያልሄደ እህል የነቀዝ ነው። ሀብት የሚወለደው መንገድ ላይ ነው” ይላል። የኔታ ይስቁና፣ “እስቲ አስረዳኝ” ይሉታል። ስለ ወታደሩ የጻፉት ነገር ግን ከአገረ ገዢው ጆሮ ደረሰ።

ሌሎቹን በዋስ ለቀቋቸው። የኔታን ለብቻቸው ወሰዷቸው። እኔንና ሐጂን በአንድ ሰንሰለት አቆራኙን፤ የእሱ ግራ እግር ከእኔ ቀኝ እግር ጋር። ያስገቡን የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ቀድሞ የበግ ጋጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ዝናብ ሲመጣ ሽታው ከመሬቱ ይነሣል። ሥጋ ባንካፈልም ከየቤታችን የሚመጣልንን ቆሎ እንካፈል ነበር።

በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች። ጭጋጉ ሲገፈፍ ቆላው በእሷ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። አልዩ አምባ ከበታቻችን ናት። ሐጂ ትልቁን ዋርካና ከጎኑ ያለውን የገዛ ቤቱን ክዳን ይለያል። ሲይዙት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ስንጥቋ ሥር ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ አንድ ነውና እኔም እቀመጣለሁ።

“ዛሬ ጢሱ በዝቷል” አለኝ አንድ ቀን። “ሴቶቹ ተሰብስበው ይሆን? ምጥ ይዟት ይሆን?”

“ገና ነው።”

“አንተ ደብተራ፣ ስለ ምጥ ምን ታውቃለህ?”

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ የናፈቀኝ እሁድ ነበር። የኔታ ንባባቸውን ገታ አድርገው ፊታችንን እያዩ መልስ የሚጠብቁባት ጊዜ፣ እሷ ነበረች የናፈቀችኝ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት የጠባቂዎቹ ሻለቃ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር።

“ትእዛዝ መጥቷል” አለ። “ሽማግሌው ሕዝቡን በመንግሥት ላይ ያነሣሣ ነበር ብሎ የሚምል ዛሬውኑ ይፈታል። አንተ ሐጂ፣ ገበያው ሳይበተን ቤትህ ትገባለህ።”

ሐጂ ተነሣ፤ እኔም ግድ ሆኖብኝ ተነሣሁ። ፊቱን ወደ ስንጥቋ አዞረና ብዙ ቆየ። የሚምል መሰለኝ። ቢምልም አልፈርድበትም ነበር።

“ሽማግሌው ተሳስተዋል” አለ በመጨረሻ።

“በል እንግዲህ ማል።”

“ስለ ንግድ የጻፉት ስሕተት ነው። ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ ዕድሜ ከሰጠን ገና እነግራቸዋለሁ። ክፉ አስበዋል ብዬ ግን በቁርአን አልምልም። አላሰቡም።”

“ሚስትህ ነፍሰ ጡር ናት አሉ።”

“ናት” አለ ሐጂ። ድምፁ ወረደ።

ሻለቃው ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ?”

“የሚቃወማቸው ካልማለ፣ እኔ የምስማማው እንዴት ብዬ እምላለሁ?”

ከሰዓት በኋላ ስንጥቋን በጭቃ ደፈኑብን። ጭቃው ሳይደርቅ ሐጂ መዳፉን አሳርፎበት ቆየ። ኋላ ግን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ኩታውን አጣፋ፤ ወገቡን ቀና አደረገ።

“ደብተራ፣ የኔታ ካቆሙበት እንቀጥል” አለ። “አንተ የእሳቸውን ወገን ያዝ፤ እኔ እሞግትሃለሁ።”

ቃላቸውን የቻልኩትን ያህል እያስታወስኩ ተናገርኩ። ሐጂ እንደ ልማዱ አንዷንም አላሳለፈልኝም። እስኪመሽ ተከራከርን። ዘበኞቹ ዝም በሉ አሉን፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቀጠልን።

ሹም ሽር ሆኖ አዲሱ አገረ ገዢ ሲመጣ ተፈታን። የኔታ ከእኛ ቀድመው ወጥተው ነበር፤ በቃሬዛ። ሐጂ ቤቱ ሳይወርድ መቃብራቸው ወዳለበት ደብር አብሮኝ መጣ፤ ጫማውን አውልቆ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ቁልቁል ወረደ። ሴት ልጁ በእግሯ መሄድ ጀምራ ነበር። ስታየው ፈርታ ከእናቷ ኋላ ተደበቀች አለኝ።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። አልፎ አልፎ በበቅሎ እወርድና እጠይቀዋለሁ። በቀደም ደጁ ተቀምጠን ስንጫወት የድሮውን ሙግታችንን አነሣ።

“ታውቃለህ፣ ባለፈው ክፉ ዓመት ገበሬው የሚዘራው ሲያጣ እኔም የምጭነው አጣሁ” አለ። “በዚያች ነገር የኔታ ልክ ነበሩ።”

ዳገቱን ስወጣ ይህን ለየኔታ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው በልቤ ሳሰናዳ ቆየሁ። እንደሌሉ ትዝ ያለኝ ደጃቸው ደርሼ ከበቅሎዬ ስወርድ ነው።