አያቴን የቆረጠው ቀመር

ከገጠሯ ቢስቲማ ወጥቼ ኮምቦልቻ ግቢ በገባሁበት ዓመት ኮምፒውተር የምነካው በላብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ መምህራችን "በሰንጠረዥ ሥራ የበለጠውን ተማሪ የላቡን ቁልፍ አስይዘዋለሁ" ሲሉ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ቁልፉን ካገኘሁ ቅዳሜም እሁድም እለማመዳለሁ።

ያኔ ሁሉም ነገር የሚሠራው በአንድ ለአምስት ቡድን ነበር። የቡድናችን መሪ አባቱ ደሴ ፒያሳ የኮምፒውተር ሱቅ ያላቸው ልጅ ነው። ማውስ ስይዝ ባየ ቁጥር "ቀስ በል፣ ሞፈር አይደለም" ይለኛል። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እንዲወዱኝ ስለምፈልግ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የተሰጠን ሥራ የክፍላችንን ተማሪዎች ሙሉ ስም በስም፣ በአባትና በአያት ዓምድ መክፈል ነው። መምህሩ በኢንተርኔት የሚከፈት የሰንጠረዥ ፕሮግራም አሳዩን። አንዱ አዲስ ፋንክሽን ጽሑፍን ክፍት ቦታ ባገኘበት ይቆርጣል፤ ሌላው ከላይ አንዴ የተጻፈውን ቀመር እስከ ታች ድረስ ለዓምዱ በሙሉ ያደርሳል። ቀመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔ ረድፍ ላይ ስደርስ ግን አያቴ "ሼህ" ብቻ ሆነው ቀርተዋል፤ ስማቸው ተገፍቶ አራተኛ ዓምድ ገብቷል። በኛ አገር ሼህን በባዶ ስማቸው መጥራት ነውር ስለሆነ እኔም ስመዘገብ እንደዚያው ነው ያስጻፍኩት።

ለመሪያችን አሳየሁት።

"አያትህ ፈተና ይቀመጣሉ እንዴ?" አለና የኔንም፣ እንደኔ የተቆረጡትንም ረድፎች አጠፋቸው። "በቃ፣ ጸዳ። የማቀርበው እኔ ነኝ። ያንተ አንደበት ገና ከቢስቲማ አልተነሣም።"

ያን ቀን አልሳቅኩም። ለብቻዬ ሌላ ቀመር ሠራሁ፤ ከመቁረጡ በፊት "ሼህ"፣ "ሐጂ"፣ "ገብረ"፣ "ወልደ" ከሚሉት ቀጥሎ ያለውን ክፍት ቦታ በሰረዝ ይተካል፣ ከቆረጠ በኋላ ሰረዙን መልሶ ክፍት ቦታ ያደርገዋል። ለማንም አላሳየሁም። አላህ የመሪያችንን ውርደት እንዲያሳየኝ ዱዓ አደረግሁ።

የማቅረቢያው ቀን መሪያችን "እኔ የሠራሁት ይህን ይመስላል" ብሎ ጀመረ። መምህሩ ትንሽ አዩና "ሰው ጎድሏል" ብለው ሙሉውን ዝርዝር ለጠፉበት። ዓምዶቹ ተዘባረቁ። ፊት የተቀመጠች ልጅ የአባቷን ስም "ወልደ" ላይ ተቋርጦ ስታይ፣ "አንተ፣ አባቴን ከወገቡ ቆረጥከው እኮ" አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አስተካክለው" አሉት መምህሩ።

ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ለመነኝ። ጫማዬን አየሁ። ላቡ በግንባሩ እስኪወርድ ጠብቄ፣ "ቲቸር፣ እኔ ልሞክረው?" አልኩ፣ በጣም ትሑት ሆኜ። ቀመሩን ስጽፍ አያቴ ከነማዕረጋቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

"እነዚህን ረድፎች ማን ነው ያጠፋቸው?" አሉ መምህሩ።

"መሪያችን ነው። እንዲጸዳ ብሎ።"

እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም። ቁልፉን እዚያው ሰጡኝ።

አንድ ቅዳሜ መሪያችን እንደ ልማዱ ወደ ደሴ ሳይወጣ ቀረና ላብ በር ላይ መጣ። "ወንድሜ፣ እባክህ አስገባኝ፣ አሳይመንት አለብኝ።"

ከፈትኩለት። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ጥግ ያለውን፣ ማውሱ አልንቀሳቀስ የሚለውን ሰጠሁት። ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲፈትገው አጠገቡ ቆሜ አየሁት።

"ቀስ በል" አልኩት፣ "ሞፈር አይደለም።"