በሌላ ሰው ቤት የበላሁት ምሳ

ድሬዳዋ ካለው ቤቴ የወጣሁት ምሽት ላይ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ዕጢው ከጭንቅላቴ ከወጣ ወዲህ ያለዚህች ቃል ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ስለማልደፍር ነው። ማለዳ ለሚነሳው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ላድር ስሄድ፣ ጎረቤቴና የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ (ስሙ ሲመጣልኝ እጽፈዋለሁ) ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ «አቦ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ያንን የተሰፋ ጭንቅላትህን ሸፍን!» አለኝ። በድሬ ሽማግሌ የሚከበረው እንዲህ ነው።

ከቀዶ ሕክምናውና ከጨረሩ በኋላ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ ዕጢው አልተመለሰም ይለኛል፤ ይዟቸው የሄዳቸው ነገሮችም አልተመለሱም። ሐሳቤ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጫጫታ ካለ ጭራሽ ይቀራል። የቆየውን ባብዛኛው አውቃለሁ፤ አዲስ ፊትና አዲስ መንገድ ግን አልይዝም። በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ሰላማዊት ከእርሷና ከሆስፒታሉ አጠገብ እንድሆን ብላ አመጣችኝ፤ ስምምነታችንም ግልጽ ነበር። ብቻዬን ወጥቼ ካሰብኩበት መድረስ መቻሌን ካሳየኋት፣ ወደ ድሬ ትመልሰኛለች።

እስከዚያው ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሁኔታዬን ስነግራቸው አከራዬ ወይዘሮ አልማዝ በጥርጣሬ ተመለከቱኝ።

«ምን ምን ነው የሚረሱት ጋሼ?»

«ስምና መንገድ።»

«ቧንቧ መዝጋትስ?»

«እስካሁን አልረሳሁም።»

«እንግዲያው ይግቡ። ስምማ እኔም እረሳለሁ፤ ሰውን ሁሉ ጋሼ የምለው ለምን ይመስልዎታል?»

አገሩ ጨዋ ነው። በድሬ ከሕፃን እስከ ዳኛ ሁሉም «አንተ» ይለኝ ነበር፤ እዚህ መጀመሪያ «እርስዎ» ስባል ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አይቻለሁ። የታክሲ ረዳቶቹ ደግሞ «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ» ይሉኛል። ቁርሱ እንደ ድሬ ፈጢራ አይደለም፤ ፀሐዩም ለስሙ ይወጣል እንጂ አያሞቅም።

የፈተናዬ ቀን እሑድ ሆነ። ቂርቆስ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወደሚገኘው የሰላማዊት ቤት ለምሳ ብቻዬን እንድመጣ ተስማማን። ሕንጻዎቹን የነደፈው ሰው ዕጢ ባይኖርበትም ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጓቸዋል። ወጣሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ፤ በሩ ክፍት ነበር።

«ውይ፣ ይግቡ ይግቡ አባባ!» አለችኝ አንዲት ወጣት ሴት።

አላወቅኋትም። ይህ ግን ምንም ማስረጃ አይሆንም። ከሕመሜ ወዲህ «ማን ነሽ?» ብሎ መጠየቅን ትቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ጠይቄ የሟች ባለቤቴን እህት አስለቅሻለሁ። ስሙ በጨዋታ መሐል እስኪወጣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ገብቼ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ የሠርግ ፎቶግራፍ አየሁ። ሰላማዊት አግብታለች እንዴ? የልጄን ሠርግ ረስቼ ከሆነ ነገሩ ከሐኪሙም በላይ ነው አልኩ በልቤ።

አንድ ጎልማሳ ከውጭ ገብቶ ትከሻዬን ሳመ። «እንዴት ሰነበቱ አባባ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእናንተስ?»

«ደህና። ጠፉ እኮ!»

«አዎን፤ መጥፋት ላይስ በርትቻለሁ» አልኩት፤ ሳቀ። እጄን አስታጠቡኝ፤ አጎረሱኝ። ወጡ ከሰላማዊት ወጥ ይጣፍጥ ነበር፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ሦስተኛውን ጉርሻ እየታገልኩ ሳለሁ ሰውዬው ጓዳ ገባ፤ ሹክሹክታቸው ተሰማኝ።

«አጎትሽ መቼ መጡ?»

«የኔ አጎት? ያንተ አይደሉም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«እንዴ! እህል ሳይቀምሱ ማን ነዎት ይባላል?»

ድሬ አንደበቴ ላይ መጣ። «አቦ፣ እናንተ ማናችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ከጓዳ ብቅ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ሴትየዋ እየሳቀች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ስልኬ ጠራ።

«አባዬ፣ የት ነህ? ምሳው ቀዘቀዘ!» አለች ሰላማዊት።

«በልቻለሁ።»

«የት?»

«እርሱን እየጠየቅሁ ነው።»

ቤቷ አጠገቡ ያለው ሕንጻ ነበር። ሰውዬው ክንዴን ይዞ አደረሰኝ፤ ለሚቀጥለው እሑድም ጋበዘኝ። ሰላማዊት ስትስቅ ቆይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ ፈተናውን ወደቅህ።»

«አንድ ሕንጻ ብቻ እኮ ነው!»

«ድሬ ብቻህን ሆነህ እንዲህ ብትጠፋስ?»

«ድሬ ብሆን እኮ በሩ ላይ 'አንተ፣ ማን ነህ? ቤትህ ያ ነው!' ብለው ይመልሱኛል። እዚህ ነው እያጎረሱ የሚያጠፉኝ።»

«እናያለን» አለች። ይህችን ቃል እናቷም ትወዳት ነበር፤ ትርጉሟን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ቁጥሩን ጣቶቼ ያውቁታል።

«ማን ነኝ?» አለኝ፤ ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ድምፁን አወቅሁት፤ ሳቁን፣ የቤቱን በር ቀለም፣ ፊቱን። ስሙ ግን አልመጣም።

«አትቸኩል» አለኝ፤ «የደወልከው አንተ ነህ፤ የሚቆጥረው ያንተ ካርድ ነው።»

የምሳውን ታሪክ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «አቦ፣ ና በቃ! በሩ ላይ ቆሜ እሰድብሃለሁ» አለኝ። ተሰነባብተን ዘጋሁ፤ ቧንቧውን አየሁ፤ ጋደም አልኩ።

ያን ጊዜ መጣልኝ። ተነስቼ መልሼ ደወልኩ።

«ኢብራሂም!» አልኩት፣ ሄሎ ሳይል።

«አለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «አንተስ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እናያለን» አልኩት።