ግድግዳ የሌለው ማድ ቤት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው እሳት ስለምንፈራ ነበር። ሌላ አገር ተረት ልጅ ማስተኛ ነው ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን መጀመሪያ መተኛት ያለበት እሳቱ ነው። ያኔ የምንኖረው ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር ሲሆን፣ ቤቱ ሁሉ የማሽላ አገዳና ሳር ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ ምድሩ ይደርቃል፣ ንፋሱ ይነሳል፣ ከአንድ ማድ ቤት ያመለጠች ፍንጣሪ መንደሩን ሙሉ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። አንድ ጊዜ ጎረቤት መንደር ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዎቹ ከቤታቸው አውጥተው ሜዳ ላይ ያስቀመጡት ፍራሽ ሳይቀር ነደደ።

ስለዚህ ደገኞቹ እንደሚያደርጉት እሳት ዳፍኖ ማሳደር በኛ ዘንድ ነውር ነበር። ፍሙ ሞቶ፣ አመዱ በእጅ ተዳብሶ ካልቀዘቀዘ ሰው ከማድ ቤት አይነሳም። ውሃ እንዳይደፋበት ውሃው ከሩቅ በአህያ የሚመጣ ነው። ያለው መላ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ይህን ሥራ ደግሞ ማንም ሳይሾማቸው የያዙት አያ ተገኘ ነበሩ።

አያ ተገኘ በጉብዝናቸው ጊዜ ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ ቁጣ ግን ነበራቸው። ከራት በኋላ ማድ ቤት ለማድ ቤት እየዞሩ፣ ፍም የተረሳበት ቤት ካገኙ ባለቤቲቱን ስሟን ጠርተው እየተቆጡ፣ መጨረሻ ላይ እኛ ዘንድ መጥተው ይቀመጣሉ። የኛ ቤት ንፋሱ በሚመጣበት ጫፍ ላይ ስለነበር እሳት ከኛ ከተነሳ ለማንም አይመለስም። ማድ ቤታችን ራኩባ ነበር፤ አራት ባላ ቆሞ ከላይ ሳር የለበሰ፣ በንፋሱ በኩል ብቻ አገዳ የተደረደረበት፣ በመኖሪያው በኩል ባዶ። እናቴ ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙን ዝቅ ታደርገዋለች፤ የአያ ተገኘ ፊት ከሥር በፍሙ ቀልቶ፣ ግንባራቸው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እንባችንን በክንዳችን እየጠረግን እናዳምጣለን።

ተረቱ የሚያልቀው ፍሙ ሲያልቅ ነው። ይህን ያወቁት ወንድሞቼ አንዳንድ ቀን እሳቸው ዞር ሲሉ የግራር ጉማጅ እሳቱ ውስጥ ይሸጉጣሉ፤ ግራር ቶሎ አያልቅም። አያ ተገኘ ያውቃሉ። «ማነው ግራር ያጎረሰው? እንግዲህ ያን ንጉሥ እንደገና ልድረው ነዋ» ይሉና፣ ሞቶ የተቀበረውን ንጉሥ አስነስተው፣ ሁለተኛ ሚስት አጋብተው ተረቱን ይቀጥላሉ።

ከሁሉ ከልቤ ያልወጣው የአንዲት ባለጸጋ ሴት ተረት ነው። ይህች ሴት በየዓመቱ ማድ ቤቷን ታፈርሳለች አሉ። አንድ ዓመት ክብ ታሠራለች፣ በዓመቱ አራት ማዕዘን፤ የጎረቤቷ በር ወደ ምሥራቅ ነው ሲሏት የሷንም ታዞራለች። እሳትም ያኔ አፍ ነበረውና «እመቤቴ፣ ቤቱ አምሯል፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ማነው?» ይላታል። እሷ ግን ማድ ቤቷን ለእንግዳ ስታስጎበኝ እንጂ ስትቀመጥበት አትታይም። እሳት ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ የሚያነጋግረው አጣ። «እሳት ብቻውን መቀመጥ አይወድም» ይላሉ አያ ተገኘ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ጥለውት ሲሄዱ ተነስቶ ሊፈልጋቸው ይወጣል።» እናም ወጣ። ሳሎን ገብቶ እንግዶቿ መሃል ተቀመጠ አሉ።

ወንድሞቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አመዱን እኔም ካልዳበስኩት ብዬ ማስቸገር ጀመርኩ፤ እናቴ እጄን ይዛ አብረን እንዳብሳለን። «ይቺ ልጅ ሥጋት ሆዷ ውስጥ ጎጆ ሠራባት» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ እስከ ዛሬ አልወጣም።

አሁን ገንዳ ውሃ ውስጥ የብሎኬት ቤት አለኝ። አያ ተገኘ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ቤቱን ስናሠራ ማድ ቤቱና ሳሎኑ ጎን ለጎን ሆነው፣ በመሃላቸው ግን ድፍን ግንብ እንዲቆም፣ የማድ ቤቱ በር በጓሮ በኩል እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ «ወጥ ይዘሽ ቤቱን ልትዞሪው ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። እሳቱ እኛን ፍለጋ ቢነሳ መንገዱ እንዲረዝምበት ነው ብለው ማን ሰው ይለኛል?

ልጄ ህሊና ትምህርቷን ጎንደር ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ግን በዚህ ግንብ ላይ ዘምታለች። ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ነጭ ካቢኔት፣ እጀታ የሌለው መሳቢያ፣ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ረጅም መደርደሪያ፤ ሳሎኑና ማድ ቤቱ አንድ ላይ፣ በመሃል ምንም የለም። «ኦፕን ኪችን ነው የሚባለው» ትለኛለች። «አሁን ሁሉም የሚያሠራው ይሄንን ነው።»

ሁሉም የሚያሠራውንማ አውቀዋለሁ። በዚች ከተማ መጀመሪያ ሁሉም የማድ ቤቱን ግድግዳ እስከ ግማሹ አረንጓዴ ቀባ። ከዚያ ሁሉም ወይንና ፖም የተሳለበት ሴራሚክ አስለጠፈ፤ ፖም እዚህ ቆላ ውስጥ ማን እንደሚበላ እንጃ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቀይ ካቢኔት መጣ። ጎረቤቴ አሠርታ ሰፈሩን ሁሉ ስታስጎበኝ ከረመች፤ ሁለተኛው ክረምት ላይ ችፑዱ አበጠ፣ ምስጥ ከጀርባው ገባና አንድ ቀን በሩን ስትከፍተው በሩ እጇ ላይ ቀረ። ለህሊና ይህን ሁሉ ቆጠርኩላት። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አልኳት።

«ስለ ወጡ ማን አወራ?» አለች። «እኔ የማወራው ስለ እማማ ነው።»

እማማ የምትላት እናቴን ነው። የኔም ጭንቀት እሷው ናት። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት ጀምራለች። ድስት ጥዳ ጓሮ ትወጣና ዶሮዎቹን ስታይ ትቆያለች። ሁለት ጊዜ ወጥ አሳርራለች። ሐኪሙ ይህ በሽታ እየገፋ እንጂ እየተመለሰ አይሄድም ብሎናል። እኔ የመጣልኝ መላ ክብሪቱን መደበቅ ሆነ። እናቴ ግን እጇ ሥራ ካልያዘ የምትኖር አይመስላትም። «ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ ክብሪት ይታጣል?» እያለች ስትፈልግ ትውላለች፤ አንድ ቀን ጎረቤት ሄዳ ተበድራ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ መጣች። እንደ ልጅ ከእጇ ልቀማት አልሆነልኝም። ተውኳት።

«እንግዲያው እናፍርሰውና እንያት» ትላለች ህሊና። «እናፍርሰውና ሳሎናችንን ታቃጥል?» እላለሁ እኔ። እናቴ አንድ ቀን ይህን ስንባባል ሰምታ «ድሮስ ግድግዳ ነበረን እንዴ?» አለችን። የትናንቱን ትረሳለች እንጂ የድሮውን አትረሳም። እኔ ግን አላስተዋልኳትም።

ባለቤቴ ለአጨዳው ወደ አብደራፊ ትራክተሩን ይዞ ሄዷል፤ ስደውልለት «እናንተው ተስማሙ» ብሎ ዘጋው። ህሊና እኔን መጠበቅ ሰልችቷት ግንበኛ ቀጠረች። ልጁ አሸዋውን ጓሮ አስራግፎ፣ መዶሻውን ይዞ፣ ሳሎን መሃል ቆሞ «እትዬ ዘውዴ፣ ከየት ልጀምር?» አለኝ።

«ከየትም አትጀምር» አልኩት።

ህሊና ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ ተረተችብኝ። እኔም ጮህኩ። ተናግሬ የማላውቀውን ቃል ሁሉ አወጣሁ፤ አያትሽን አትጠብቂያትም ልትዪኝ ነው ወይ፣ በፋሽን ቤቴን ልትበትኚ ነው ወይ አልኳት። እሷም እንባዋ እየመጣ «ቤቱን ነው ወይስ እሷን የምትፈሪው?» አለችኝ። ግንበኛው መዶሻውን አስቀምጦ መሬት መሬት ያያል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ከኛ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ቀድሞ የሸተተው ለግንበኛው ነው። «የሚያርር ነገር አለ» አለ።

ቤቱን መዞር አለብን። ያን መንገድ ያስረዘምኩት እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን አላልቅ አለኝ። በጓሮ በኩል የማድ ቤቱ በር ተዘግቷል። እናቴ ንፋሱ ፍሙን እንዳያነሳው ብላ ዘግታዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው ያንን ነው። ስንከፍተው ጥቁር ጭስ ፊታችንን መታን። ከሰል ላይ የጣደችው ዘይት ተቀጣጥሎ፣ ከላዩ ያለው መደርደሪያ የለበሰው ፕላስቲክ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። እናቴ ጥግ ላይ ጀርባዋን ለዚያው ለሳሎኑ ግንብ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ህሊና ጎትታ አወጣቻት። ግንበኛው ለልስን የመጣውን አሸዋ በአካፋ እያመጣ ደፋበት፣ ደፋበት፣ እሳቱ ጠፋ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይኸው ደረሰ።

እናቴን ጓሮ ጥላ ሥር አስቀምጠን ውሃ ሰጠናት። እጆቿን አገላብጬ አየሁ፤ አንድ ጣቷ ብቻ ጫፉ ተለብልቧል። «እማ፣ ምነው? ምነው ሰው አትጠሪም?» አልኳት።

«ጠርቼሽ ነበር» አለች። ሳታማርር ነው የተናገረችው። «ግንቡን እየደበደብኩ ጠራሁሽ። እናንተ ትጣላላችሁ።»

የምንጣላው ስለዚያው ግንብ ነበር። እሷ በዚያ ማዶ እየደበደበችው፣ እኛ በዚህ ማዶ ይፍረስ አይፍረስ እንባባላለን። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ሳሎን ገብቼ መዶሻውን አንስቼ ለግንበኛው ሰጠሁትና «አፍርሰው» አልኩት። «ሙሉውን።»

ማድ ቤቱ አሁን ህሊና እንዳሳየችኝ ሥዕል ነጭ ሆኗል። ነጩ ከዚህ ቆላ አቧራ ጋር ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ አላውቅም። እጀታ የሌለውን መሳቢያ እናቴ በጥፍሯ ስትፈልገው ትውላለች፤ እኔም በየሳምንቱ ጎንበስ ብዬ ችፑዱ አብጦ እንደሆነ፣ ምስጥ ጀምሮት እንደሆነ አያለሁ። ይጀምረዋል። የልጄ ልጆች አንድ ቀን በዚህ ኪችን ላይ እየሳቁ ሌላ ያሠራሉ፤ ያኔ ደግሞ ግድግዳ መልሶ ፋሽን ይሆን ይሆናል። አያ ተገኘን ዛሬ ባገኛቸው ስለ ማድ ቤቱ ቅርፅ የሚሉኝ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ የሚቆጡኝ ሳሎን ስለምቀመጥበት ወንበር ነው፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጌ ስላስቀመጥኩት።

ሥጋቴ አልቀነሰም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብዬ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያመጣሁትን የተማሪዎች ፈተና ሳርም የእናቴን ጀርባ አያለሁ። ዘይቱ ሲግል፣ ሽንኩርቱን ከመጨመሯ በፊት «ዘውዴ፣ አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» እላታለሁ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አለሽ?» ትላለች፤ መጠየቋን ረስታ ነው። ህሊና አንዳንዴ ትስቃለች። እኔ ግን ጥያቄውን ያቆመች ለት ምን እንደምሆን አስባለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሽንኩርቱን በእጇ እንደያዘች ዘወር ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ስሜን አልጠራችም። «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

እርማቱን አስቀመጥኩ። «እዚሁ ያለሁ ነኝ፣ እማ» አልኳት።

«እንግዲያው አትሂጂ» አለችና ሽንኩርቱን ጨመረችው።